«አልማሴን» መጋዘን ነው፣ ሱቅ ነው ወይስ መጠጥ ቤት?

የወረቀት ሰው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ የምመልሰው አጭር ጽሑፍ አለኝ። ቦታው ቦነስ አይረስ፣ ዘመኑ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ነው። አንድ ሰው አመሻሽ ላይ ወደ «አልማሴን» ይገባል። ባለቤቱን ሰላም ብሎ ባንኮኒው ላይ ይደገፍና መጠጥ ያዛል። ከጎኑ ያሉት ካርታ ይጫወታሉ። መዝገበ ቃላቴ ግን «አልማሴን፦ መጋዘን» ብሎ ዝም ይላል። ሰዎች መጋዘን ገብተው ሲጠጡና ካርታ ሲጫወቱ አንባቢዬ ምን ይበለኝ?

ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ባልደረባዬን ብጠይቀው «ማጋዛን ማለት ሱቅ ነው፤ ያው ቃል ነው» አለኝ። ጣልያንኛ የሚያውቁ ጎረቤቴ ደግሞ «ማጋዚኖ መጋዘን ነው፤ ሱቅ ነው የሚሉህን አትስማ» አሉኝ። ሁለቱም ፍጹም እርግጠኞች ናቸው። ሦስቱ ቋንቋዎች የላቲን ልጆች ሆነው ሳለ በአንድ ቃል እንዲህ የተለያዩት ለምንድን ነው? ትክክለኛውስ የትኛው ነው?

ሮማ የከረመች | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጎረቤትህ ልክ ናቸው። ጣልያን አገር ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ፤ ሱቅን «ማጋዚኖ» የሚል ሰው አልገጠመኝም። ማጋዚኖ ዕቃ የሚከማችበት፣ ካርቶን እስከ ጣሪያ የሚደረደርበት ቦታ ነው። በብዙ ቁጥር «ግራንዲ ማጋዚኒ» ሲባል ብቻ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ከሽቶ እስከ ድስት የሚሸጥበት ባለ ብዙ ፎቅ መደብር ማለት ነው፣ ሚላን ከካቴድራሉ አጠገብ እንዳለው ላ ሪናሼንቴ ያለ። እሱም ቢሆን ከፈረንሳዮቹ የተቀዳ አጠራር ነው።

ነገር ግን ቬኒስ ሄደህ በየግድግዳው የተጻፉትን የመንገድ ስሞች ብታነብ «ካሌ ዴል ማጋዜን» የሚል በብዙ ሰፈር ታገኛለህ። እዚያ በድሮው ዘመን ማጋዜን ርካሽ የወይን ጠጅ መሸጫ ነበር፤ ድሃው ዕቃውን አስይዞ የሚበደርበትም ነበር። ከብድሩ ከፊሉ በገንዘብ፣ ከፊሉ በወይን ይሰጠው ነበር። (ለመያዣ የሚሰጠው ወይን ምን ያህል ጥሩ እንደሚሆን መገመት አያቅትህም።) ስለዚህ የቦነስ አይረሱ ጠጪህ ብቻውን አይደለም።

ቃል ለቃሚ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

የወረቀት ሰው፣ «ትክክለኛው የትኛው ነው» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተወው። ቃሉ የላቲን አይደለም፤ ስለዚህ እናትየው በልጆቿ መካከል ልትዳኝ አትችልም። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ከጎረቤት የተዋሱት ነው፤ የተዋሱትም በአንድ ቀን አይደለም፣ በአንድ በርም አይደለም።

ምንጩ የዓረብኛው «መኽዘን» ነው። «ኸዘነ»፣ አስቀመጠ ወይም አከማቸ ከሚለው ግስ የወጣ የቦታ ስም ነው። ብዙ ቁጥሩ «መኻዚን» ይሆናል። ወደ ደቡብ አውሮፓ የገባበትን መንገድ ለማወቅ ምንም መጽሐፍ ሳትገልጥ የቃሉን ፊት ማየት ይበቃሃል። ስፓኒሹ «አል»ማሴን ይላል፣ ፖርቹጋሉ «አር»ማዜም ይላል። ጣልያኑ ማጋዚኖ፣ ፈረንሳዩ ማጋዛን ሲሉ «አል» የሚባል ነገር የለም። «አል» የዓረብኛ ስም ፊት የሚቆም፣ እኛ «ቤቱ»፣ «ሱቁ» ስንል መጨረሻ ላይ የምንጨምረውን የሚተካ ምልክት ነው።

በአይቤሪያ ምድር፣ ማለትም ዛሬ ስፔንና ፖርቹጋል ባሉበት፣ ሙስሊሞች በ711 ከተሻገሩበት ጊዜ ጀምሮ የመጨረሻዋ ይዞታቸው ግራናዳ በ1492 እስክትወድቅ ድረስ ዓረብኛ ተናጋሪውና ላቲን ወለድ ቋንቋ ተናጋሪው በአንድ ገበያ ይገበያዩ ነበር። በጆሮው የሚማር ገበሬ «አል መኽዘን» ሲባል የሰማውን እንዳለ ይይዛል፤ የቱ ምልክት የቱ ስም እንደሆነ የሚነግረው መምህር የለውም። የጄኖዋ፣ የፒሳ፣ የቬኒስና የማርሴይ ነጋዴዎች ግን ቃሉን ያገኙት በሰሜን አፍሪካ ወደቦች ዕቃ ማስቀመጫ ሲከራዩ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የማርሴይ የላቲን ሰነዶች ላይ «ማጋዜኑም» ተብሎ ይገኛል። የውል ቋንቋ ነው፤ ጸሐፊ የሚጽፈው፣ ነጋዴ የሚፈርመው። የወሰዱትም ብዙ ቁጥሩን ይመስላል፤ «መኻዚን» ውስጥ ያለው ረጅሙ «ኻ» ነው «ጋ» ሆኖ የቀረው።

ይህ በአንድ ቃል ብቻ የታየ አይደለም። ስኳርን ስፓኒሽ «አሱካር» ሲል ጣልያን «ዙኬሮ»፣ ፈረንሳይ «ሱክር» ይላል። ጥጥን ስፓኒሽ «አልጎዶን»፣ ጣልያን «ኮቶኔ»፣ ፈረንሳይ «ኮቶን» ይላል። ሁሉም ዓረብኛ ናቸው። በጣም የሚያስደንቀኝ ካታላን፣ የባርሴሎና አካባቢ ቋንቋ ነው። ካታላኖች የአይቤሪያ ሰዎች ሆነው ሳለ «ሱክሬ»፣ «ኮቶ»፣ «ማጋትዜም» ይላሉ፤ ያለ «አል»፣ ልክ እንደ ጣልያኖች። ባርሴሎና በ801 በፍራንኮች እጅ ስለገባች በሙስሊም አገዛዝ ሥር የቆየችው ከመቶ ዓመት ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቷ ወደ ባሕሩ ነበር፤ ቃሎቿንም እንደ ጄኖዋ ከመርከብ አውርዳለች።

በሩ ግን ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አይወስንም። ዕቃ ያከማቸ ሰው ወይ በጅምላ ያስረክባል፣ ወይ በሩን ከፍቶ ለመንገደኛው በችርቻሮ ይሸጣል፣ ወይ ከሚሸጠው ውስጥ ወይኑን እዚያው ያስጠጣል። ቃሉ በየአገሩ ነጋዴውን ተከትሎ ሄዷል። ጣልያን ላይ ከጅምላው ጋር ቀረ፣ ፈረንሳይ ላይ ከችርቻሮው ጋር ወጣ፣ አርጀንቲና ላይ ደግሞ ባንኮኒው ድረስ ደረሰ።

የማርሴይዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

የፈረንሳዩን እኔ ልጨምር። እዚህም ቢሆን ቃሉ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ብቻ ነበር፤ አጥንቱ ዛሬም አልጠፋም። «አንማጋዚኔ» ማከማቸት ነው። «ማጋዚኒዬ» የመጋዘን ሠራተኛ እንጂ ባለ ሱቅ አይደለም። ፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ብታዝዙ የሚመጣላችሁ ከ«ማጋዛን» ነው፤ አንባቢ የማይገባበት የመጻሕፍት ክፍል ማለት ነው። የአንዲት ሳንቲም ዕቃ የማይሸጥበት ቦታ!

ሱቅ የሆነው በነጋዴዎች ኩራት ይመስለኛል። ተራው ሱቅ «ቡቲክ» ይባል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደህና ካፒታል ያላቸው የፓሪስ ነጋዴዎች ቡቲክ መባል ስላነሳቸው «የእኔ ማጋዛን ነው» ማለት ጀመሩ፤ ዕቃዬ ተቆጥሮ አያልቅም ለማለት። ከዚያ በ1852 አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ ቦን ማርሼ የሚባል የፓሪስ ሱቅ ሸሪክ ሆነ። ዋጋው ተጽፎ የሚለጠፍበት፣ ሳይገዙ ገብቶ መውጣት የሚያሳፍር ያልሆነበት፣ ያልተስማማን ዕቃ መመለስ የሚቻልበት መደብር አሳደገ። «ግራን ማጋዛን» የሚለው ስም የሚያስታውሰን ይህን ዓይነቱን ቤት ነው። ጣልያኖች «ግራንዲ ማጋዚኒ»፣ ስፓኒሾች «ግራንዴስ አልማሴኔስ» ያሉት ይህንኑ ቀድተው ነው። ስለዚህ በስፓኒሽ አንዱ ቃል በነጠላ ከዓረብ የመጣ መጋዘን፣ በብዙ ቁጥር ከፓሪስ የመጣ መደብር ሆኖ ተቀምጧል።

የሚያስቀው፣ ዛሬ ዞሮ ዞሮ የተከበረው ቡቲክ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ቡቲክ» ስንል ዘመናዊ ልብስ የሚሰቀልበት ቤት እንጂ ጨውና ክብሪት የሚሸጥበት አይታየንም።

ቀጥተኛው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይህ ሁሉ ማራቀቅ ለምን አስፈለገ? ቃሉ መጋዘን ማለት ነበር፤ ፈረንሳዮች አበላሹት፣ አርጀንቲናዎች ጭራሽ ገደሉት። ትርጉሙን የጠበቁት ጣልያኖች ብቻ ናቸው። የወረቀት ሰውም ዋናውን ትርጉም ይጻፍ፤ ከፈለገ የግርጌ ማስታወሻ ያድርግ።

ጂዳ ያለሁ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ዓረቦቹን መክሰስ ይኖርብሃል። ሞሮኮ ውስጥ «መኽዘን» ሲባል መንግሥት ማለት ነው፤ ንጉሡ፣ ቤተ መንግሥቱና በዙሪያው ያለው ሥልጣን። የግብሩ እህልና ገንዘብ የሚከማችበት ቤት ስም፣ ግብር ሰብሳቢው ራሱ ላይ ወጣበት። ዓረብኛውስ ተበላሸ እንበል?

እኔ በምሠራበት አገር ገንዘብ ማስቀመጫውን የብረት ሣጥን «ኸዝና» ይሉታል። ከአንድ ሥር ነው። እኛም «ካዝና» እንላለን፤ «የመንግሥት ካዝና» ስንልም ከሞሮኮዎቹ ብዙ አልራቅንም። አማርኛ መጋዘንንና ካዝናን ሁለቱንም ይዞ እየኖረ ወንድማማች መሆናቸውን የሚያስተውል ሰው እምብዛም የለም።

ናታኒያ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15

እኔ ያለሁበት እስራኤል ደግሞ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል በዕብራይስጥ «ማኽሳን» ይባላል። ከእሱ የወጣው «ማኽሳኒት» የጠመንጃ ጥይት መያዣው ነው፤ ውትድርና የገባ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ቃል። ዓረብኛውም ለጥይት መያዣው «መኽዘን» እንደሚል ጎረቤቶቻችን ነግረውኛል። በእንግሊዝኛም «ማጋዚን» ነው። አማርኛው ምን ይል ነበር? ከአገር ከወጣሁ ስለቆየሁ ነው።

ጂዳ ያለሁ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እህቴ ናታኒያ፣ የፖሊስ ዜና ስትሰሚ «ከሁለት ካዝና ጥይት ጋር ተያዘ» ይላል። ያው ሥር፣ ያው ሥራ!

ጋሽ ቡካሬስት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ልጆች፣ ከላቲን ልጆች አንዷን ረሳችኋት። እኔ ወጣት ሆኜ ወደ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ከተላክነው መካከል ስለነበርኩ ሮማንያ ውስጥ ተምሬአለሁ። ሮማንያዎች ሁለቱንም ይዘዋል። «ማጋዚን» ሱቅ ነው። «ማጋዚዬ» ደግሞ ዕቃ ማከማቻ፣ ከጓሮ ያለች እንጨትና ዱቄት የሚቀመጥባት ክፍል ሳትቀር። ማጋዚዬ የገባው ከግሪክና ከቱርክ ወገን ነው፤ ግሪክ ዛሬም ሱቁን «ማጋዚ» ይላል፣ ቱርክ «ማአዛ» ይላል። ማጋዚን ደግሞ በኋላ ከምዕራብ አውሮፓ ገባ። አንዱ ሌላውን አላባረረም፤ ሥራ ተከፋፈሉ እንጂ።

በዚህ አላበቃም። ከ1967 ጀምሮ የሚታተም «ማጋዚን ኢስቶሪክ» የሚባል ወርኃዊ የታሪክ ኅትመት አላቸው። «የታሪክ ሱቅ» ብለህ እንዳታነበው። ይህኛው ማጋዚን በእንግሊዝ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ አሳታሚ በ1731 ያስጀመረውን ወርኃዊ «ማጋዚን» ብሎ ሰየመው፤ የልዩ ልዩ ጽሑፍ ማከማቻ ለማለት። ቃሉ ከዚያ በኋላ ለዚህ ዓይነቱ ኅትመት ሁሉ መጠሪያ ሆነና ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ ገባ። እዚያ ደግሞ ወንድሙን «ማጋዛን»ን ሱቅ ሆኖ አገኘው። ስፓኒሾች በበኩላቸው «ማጋሲን» ይሉና፣ ከኅትመቱ በተጨማሪ ወሬውም ሙዚቃውም ምግብ አሠራሩም የሚቀላቀልበትን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅት ይጠሩበታል። ከአልማሴን ጋር ዘመድ መሆኑ የሚታወሳቸው አይመስለኝም።

እኛ ደግሞ ለዚሁ ኅትመት ግዕዙን «መጽሔት»ን መረጥን፤ መስታወት ማለት ነው። እነሱ ጎተራ አሉት፣ እኛ መስታወት አልነው። የእኛውን እወዳለሁ።

የወረቀት ሰው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሮማንያው ነገር መቼም ትዝ የሚለኝ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ የእኛው «መጋዘን» በየትኛው በር ነው የገባው?

ሮማ የከረመች | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይህማ ግልጽ ነው፣ ከጣልያን። «ጋ»ውን ተመልከት። የዓረብኛው «ኸ» በቀጥታ ሲመጣ አማርኛ «ከ» አድርጎ እንደሚቀበለው ካዝና ራሷ ምስክር ናት። ከዓረብ በቀጥታ ቢመጣ «መካዘን» እንል ነበር። «ጋ» የአውሮፓ ማኅተም ነው።

የድሬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

«ጋ»ው ላይ እስማማለሁ፤ ጣልያን መሆኑ ላይ ግን አልስማማም። ጣልያንኛ አማርኛ ውስጥ ሲገባ ጅራቱን ይዞ ነው የሚገባው፦ ፋብሪካ፣ ፎርኖ፣ ፌርማታ፣ ፖስታ፣ ባንኮኒ። ማጋዚኖ ቢገባ ኖሮ «መጋዚኖ» ብለን በኩራት እንጠራው ነበር። ጅራት የሌለው ፈረንሳይኛ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ የኩባንያው የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር» የሚለው የሰፈር ስም «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዕቃ ከባቡር ወርዶ የሚገባበት ቤት ስሙን ከየት ያመጣል? አባቴ የምድር ባቡር ሰው ስለነበር ትንሽ አዳላለሁ፤ እሱን አልደብቅም።

ሮማ የከረመች | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

የድሬ ልጅ፣ ጅራት የሌለው ጣልያንኛም አለ። ከላይ የጠቀስኩት የቬኒሱ «ማጋዜን» ከመጋዘን በምን ይለያል?

የድሬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ቬኒሶች በጀልባ አዋሽን ተሻግረው ከመጡ እሸነፋለሁ።

ቃል ለቃሚ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሁለታችሁም የያዛችሁት ማስረጃ የእውነት ማስረጃ ነው፤ ለዚህ ነው ክርክሩን የወደድኩት። ሌላ ነገር ልጨምር። አማርኛ «መ» ብሎ የሚጀምር የቦታ ስም በጣም ይስማማዋል፦ መንደር፣ መቅደስ፣ መደብር፣ መዝገብ ቤት። የትኛውም ባዕድ ቃል «ማጋ» ብሎ ቢመጣ አማርኛ «መጋ» አድርጎ የቤቱ ልጅ ያስመስለዋል። ጅራቱም የተቆረጠው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በትርጉሙ ግን መጋዘናችን ከጣልያኑ ጋር አንድ ነው፤ ፈረንሳዩ «ማጋዛን» ሱቅ ከሆነ በኋላ ነው ባቡሩ የመጣው። የድሬ ልጅ መልስ ካለው ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

የድሬ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

መልስ አለኝ። የማርሴይዋ እህታችን ራሷ «ማጋዚኒዬ» የመጋዘን ሠራተኛ ነው ብላለች። የምድር ባቡር ሠራተኛ የሚያውቀው ማጋዛን የፓሪሱን ሱቅ አልነበረም፤ የጣቢያውን ዕቃ ቤት ነው። የሥራ ቋንቋ ከከተማው ቋንቋ ይዘገያል።

የማርሴይዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

እኔን ምስክር አድርጎ መጥራት ጨዋነት ነው፤ ትክክል ብሏል።

መድኃኒት ቀማሚ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ቡቲክ ስለተነሳ የሙያዬን ነገር ልናገር። ቡቲክም ጥንት «ማከማቻ» ነበር። ግሪኩ «አፖቴኬ» የሚቀመጥበት ቤት ማለት ነው። በላቲን በኩል አልፎ በስፓኒሽ «ቦዴጋ» ሆነ፣ የወይን ማቆያ ምድር ቤት፤ የመርከብ ሆድም በዚሁ ስም ይጠራል። በፖርቹጋል «አዴጋ»፣ እሱም የወይን ማቆያ። በጣልያን «ቦቴጋ»፣ የእጅ ባለሙያ መሥሪያ ቤት፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል የተማረው ፍሎረንስ በመምህሩ በቬሮኪዮ ቦቴጋ ነው። በፈረንሳይ ቡቲክ። በስፓኒሽ እንደገና በሌላ መልክ «ቦቲካ» ሆኖ መድኃኒት ቤት፤ ጀርመኖች ደግሞ ግሪኩን ብዙም ሳይነኩ «አፖቴኬ» ብለው መድኃኒት ቤታቸውን ይጠሩበታል።

ኒው ዮርክ ያላችሁ የማዕዘኗን ትንሽ ሱቅ «ቦዴጋ» ትላላችሁ። ቃሉን ያመጡት ከፖርቶ ሪኮና ከአካባቢው የመጡ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ የየመኖች መሆናቸው ይታወቃል። ዓረብኛ ተናጋሪው በግሪክ ቃል፣ ስፓኒሽ ተናጋሪው በዓረብኛ ቃል ይነግዳል!

ጂዳ ያለሁ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

መድኃኒት ቀማሚ፣ ተቃራኒውም አለ፦ ከግሪክ ወደ ዓረብ፣ ከዓረብ ወደ አውሮፓ የተመለሰ። እዚህ ሆቴል ሁሉ «ፉንዱቅ» ነው። ምንጩ ግሪኩ «ፓንዶኬዮን»፣ ሁሉን ተቀባይ ማለት ነው። በሉቃስ ወንጌል ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን የወሰደበት የእንግዶች ማደሪያ በግሪኩ ይህ ቃል ነው። ከፉንዱቅ የወጡት ልጆች ግን አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም።

ቃል ለቃሚ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ጂዳ፣ የልቤን ነው ያነሳኸው፤ ለእኔ ከመጋዘን ይልቅ ፉንዱቅ ይጣፍጠኛል። የድሮው ፉንዱቅ የነጋዴ ማደሪያ ብቻ አልነበረም። ታች ዕቃውና አህያው ያድራሉ፣ ላይ ሰውየው ያድራል፣ በሩ ላይ ቀራጩ ይቆማል። ሦስት ሥራ በአንድ ግቢ። ተዋሾቹ ከሦስቱ የየፈለጉትን አንስተው ሄዱ።

ጣልያን «ፎንዳኮ» ብሎ ዕቃውን ይዞ ቀረ፤ ቬኒስ ሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ያለው ፎንዳኮ ዴይ ቴዴስኪ የጀርመን ነጋዴዎች ማደሪያና ማከማቻ ነበር፤ በ1505 ተቃጥሎ በ1508 እንደገና ተሠርቶ አልቋል። ስፓኒሽ ሁለት ጊዜ ተዋሰው። በ«አል» የመጣው «አሎንዲጋ» የሕዝብ እህል ጎተራ ሆነ። ሜክሲኮ ጓናኋቶ የሚገኘው አሎንዲጋ ዴ ግራናዲታስ ይህ ነው። መስከረም 28 ቀን 1810 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሳው ቄስ የኢዳልጎ ዓመፀኞች ሰብረው የገቡበት፣ በኋላም የኢዳልጎና የሦስት ጓዶቹ ጭንቅላት በአራቱ ማዕዘን የተሰቀለበት ጎተራ ነው። ያለ «አል» የመጣው «ፎንዳ» ደግሞ ስፔን ውስጥ ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ምሳ የሚበላበት ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ፖርቹጋል የቀራጩን ወሰደ፤ «አልፋንደጋ» ጉምሩክ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሊዝበን የሚደርስ የጂዳ ነጋዴ አልፋንደጋን «ሆቴል» ብሎ ቢገባ ሻንጣውን ይፈትሹታል።

የድሬ ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ጉምሩክ ካልክማ፣ ስፓኒሹ «አዱዋና»፣ ጣልያኑ «ዶጋና»፣ ፈረንሳዩ «ዱዋን» ሁሉም ከዓረብኛው «ዲዋን»፣ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ከሚለው ናቸው። ያው ዲዋን እንደገና መጥቶ ጣልያን ቤት ውስጥ «ዲቫኖ» ሆነ፣ ሶፋ። ቀረጥ ከፍለህ ስትደክም የምትቀመጥበት።

እኛስ? «ጉምሩክ» ከቱርክ ነው። ቱርኮች ከቢዛንታይን ግሪኮች «ኮሜርኪዮን» ወሰዱት፣ ግሪኮቹ ከላቲኑ «ኮሜርኪዩም»፣ ንግድ ከሚለው። የላቲን ልጆች በዓረብኛ ቃል ቀረጥ ሲከፍሉ፣ እኛ በላቲን ቃል እንከፍላለን።

ቀጥተኛው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ይህ ጥሩ ነበር። ግን ሰውየው ጥያቄ ጠይቆ ነበር፤ የሚመልስለት አለ?

ሳኦ ፓውሎ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡00

እኔ ብራዚል ነኝ፤ ከአርጀንቲና ብዙም አልርቅ። ፖርቱጋል ውስጥ «አርማዜም» መጋዘን ነው፤ ሊዝበን ቺያዶ ሰፈር በ1988 ነሐሴ ወር ላይ ከተነሳው ቃጠሎ በኋላ የታደሰው ትልቅ መደብር ግን ዛሬም «አርማዜንስ ዶ ቺያዶ» ይባላል። ብራዚል ውስጥ በትንንሽ ከተሞች አርማዜም ሩዝና ባቄላ በኪሎ የሚሸጥበት ቤት ነው። ከሁሉ የሚገርመው «ማጋዚኒ» ነው፤ ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ጽፈው ትልቅ መደብር ይሉታል። በ1957 ፍራንካ በምትባል ከተማ የተጀመረው ማጋዚኒ ሉዊዛ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይሸጣል፤ መጽሔት ፈልገህ ብትገባ ይገረሙብሃል።

ቦነስ አይረስን በተመለከተ፣ የድሮው አልማሴን የሰፈር ሸቀጥ ቤት ነው። ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ከስፔን ወይም ከጣልያን የመጣ ስደተኛ ነበር። ማቴ የሚባለው እንደ ሻይ ያለ መጠጥ የሚፈላበት ቅጠል፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ ላምባ ይሸጣል፤ ዱቤውን ደብተር ላይ ይጽፋል። በአንድ ወገን ደግሞ መጠጥ የሚቀዳበት ባንኮኒ አለው። የቤት እመቤቲቱ በአንድ በር ለዱቄት ትገባለች፣ ባልየው በሌላኛው በር ለመጠጥ።

የወረቀት ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

አሁን ታየኝ። መጋዘን ተሰረዘ። «ሱቅ» ብል ጠጪዎቹ ቦታ ያጣሉ። «መጠጥ ቤት» ብል ዱቄቱና የዱቤ ደብተሩ ይጠፋሉ፤ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ የዱቤ ደብተሩ ያስፈልገኛል። ታዲያ ምን ልበል?

መድኃኒት ቀማሚ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

«ግሮሰሪ» በል እንጂ! እንግሊዞች ዘንድ የሸቀጥ መደብር፣ እኛ ዘንድ ቢራና አረቄ የሚቀዳበት ቤት ነው። አልማሴን የሄደበትን መንገድ የሄደ ቃል ይዘህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ሮማ የከረመች | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወጣት አንባቢ ግሮሰሪ ሲባል ድራፍትና እግር ኳስ ነው የሚታየው። ዱቄት የሚሸጥበት መሆኑን ማን ይነግረዋል?

ጋሽ ቡካሬስት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ልጄ፣ በእኔ ወጣትነት ከሸቀጡ መደርደሪያ ጎን ቆሞ አንድ ብርጭቆ የሚጠጣበት ግሮሰሪ ነበር፤ ሳርዲኑም ብስኩቱም ከጀርባው ይታያል። መጀመሪያ በገባበት አረፍተ ነገር ላይ መደርደሪያውንና የዱቄቱን ጆንያ አንድ ጊዜ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ግሮሰሪ እያልክ ቀጥል። የግርጌ ማስታወሻ አታድርግበት፤ ጠጪን ከባንኮኒው አንስቶ ወደ ገጹ ታች መውሰድ ነውር ነው።

የወረቀት ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡55

«አመሻሽ ላይ ወደ ግሮሰሪው ገባ። ከዱቄቱ ጆንያዎች አልፎ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።» እንዲህ ጻፍኩት ጋሼ። ባለቤቱ ለሚስትየው የሚጽፍባትን የዱቤ ደብተር ደግሞ ከጠርሙሶቹ አጠገብ አኖርኳት።